«ያለ ፈቃድ» ስለተባለው አልበም የተጻፉ ሁለት ሂሶች

ሱዳን ውስጥ፣ ሱቅ ዐረቢ በሚባለው ገበያ ሥራ የጀመርኩ ቀን የዘፈን ሱቁ ባለቤት ዐሚ ዑስማን፣ ዐሚ አጎቴ ማለት ነው፣ አንድ ሚሞሪ ካርድ መዳፌ ላይ አስቀምጦ፣ «አርባ ዘፈን አለው፣ አንዱ የተበላሸ ነው። ፈልገሽ አውጪው» አለኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ አንድ በአንድ ሰማሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ሳገኘው ይስቅብኛል። «ዋላሂ ሞኝ ነሽ። እኛ እዚህ አንሰማም፣ እናያለን» አለና ስክሪኑን አዞረልኝ። ዘፈን ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት እንደ ተራራ ሰንሰለት ነው የሚታየው። የሚጮኸው ቦታ ከፍ ይላል፣ ለስላሳው ዝቅ ይላል። የተበላሸው ቦታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነው ያለው። በሁለት ደቂቃ የሚገኝ ነገር ነበር።

ከዚያ በፊት ዐማራት በሚባል ሰፈር ሁለት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ኮምቦልቻ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ነው የመጣሁት። የቤት ሥራውን አልወደድኩትም፣ እመቤቲቱም እኔን አልወደደችኝም። አፌ አያርፍም። ስለ ቤት ሥራ ሌሎች ይጻፉ። እኔ የምጽፈው ስለ ሚሞሪ ጭነት ነው፣ ምክንያቱም ገና ወደዚህ ሥራ የሚገቡ ሴቶች ይጠይቁኛል።

ሱቁ ውስጥ ሦስት ደረጃ ነበር። ተቀባይ ደጅ ላይ ቆማ የደንበኛውን ካርድ ትቀበልና ቁጥር የተጻፈበት ፕላስተር ትለጥፍበታለች። ጫኝ ቫይረሱን አጽድታ፣ ካርዱን ፎርማት አድርጋ፣ ዘፈኑን በፎልደር በፎልደር ትጭናለች። ቆራጭ ከኋላ ባለው ማሽን ተቀምጣ አዲስ የገባውን ዘፈን ሁሉ ታዘጋጃለች። እኔ ቆራጭ ለመሆን አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ከእኔ በፊት የነበረው ሱዳናዊ ሦስት ዓመት ፈጅቶበታል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ትንሽ ለጉራም ነው።

የቆራጭ ሥራ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ዘፈኑ መግቢያና መውጫ ላይ ያለውን ዝምታ መቁረጥ። ደንበኞቻችን አብዛኞቹ የሐፍላ ሾፌሮች ነበሩ፣ ሐፍላ የምንለው ሚኒባሱን ነው። ሾፌር አሥር ሰከንድ ድምፅ ካልሰማ ካርዱ ተበላሽቷል ብሎ ይመልሳል። ሁለተኛ፣ ከሞተሩ ጩኸት በላይ እንዲሰማ ድምፁን ማሳደግ። ሦስተኛ፣ ማህተም መምታት። ማህተም ማለት ዘፈኑ ሲያልቅ የሚገባ የሱቁ ድምፅ ነው። የሌላ ሱቅ ሰው ከእኛ ቀድቶ ቢሸጥ የእኛ መሆኑ ይታወቃል።

ማህተሙ መጀመሪያ የዐሚ ዑስማን የራሱ ድምፅ ነበር። ሾፌሮቹ፣ «ሽማግሌው ይስልብናል እንጂ አይናገርም» እያሉ ሳቁበት። አንድ ቀን ማይክሮፎኑን ወደ እኔ ገፋና፣ «ያ በት፣ አንቺ ልጅ፣ በይው» አለኝ። «ከዑስማን ሱቅ። ያላ፣ ጌርሃ» አልኩ። በሉ፣ ሌላ አምጡ እንደማለት ነው። ዐረብኛዬ ያን ጊዜ ገና የወሎ ነበር። ሾፌሮቹ ወደዱት። ከዚያ በኋላ የማላውቀው ሐፍላ ውስጥ ተሳፍሬ የራሴ ድምፅ፣ ያላ፣ ጌርሃ ይለኝ ነበር።

ባንዱ የመጣው ቆራጭ ከሆንኩ በኋላ ነው። ሦስት ናቸው። ራኒያ ትዘፍናለች፣ ሃሺም ጊታር ይጫወታል፣ ዮናስ ድራም ይመታል። ራኒያና ሃሺም ሱዳናውያን ናቸው። ዮናስ የጎንደር ሰዎች ልጅ ነው፣ ግን እዚሁ ሰሃፋ ሰፈር ተወልዶ ስላደገ አማርኛው ያነክሳል። የባንዱ ስም «ከህረባ ጋጥዓ» ነው፣ መብራት ጠፍቷል ማለት ነው።

«ሰላም ነሽ እቴ? እኛ አልበም ሠራን፣ አወል መራ። የመጀመሪያ» አለኝ ዮናስ።

«ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው?»

«ፓንክ። ሜታልም አለ ውስጡ። አናርኪስት ነን።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አለቃ የለም። ሁሉ ሰው እኩል።»

ዐሚ ዑስማን ምን አለ ብሎ ጠየቀኝና ተረጎምኩለት። «ታዲያ ጥፋት ሲመጣ የማንን ጆሮ ነው የምንይዘው?» አለ። ሃሺም ሳቀ። ራኒያ አልሳቀችም።

አሳታሚ የላቸውም፣ ስፖንሰር የላቸውም፣ ፈቃድም አላወጡም። የአልበሙም ስም «ቢዱን ኢዝን» ነው፣ ያለ ፈቃድ። በየሐፍላው እንዲሰማ ስለፈለጉ ነው ወደ እኛ የመጡት። ሂስ ለሚጽፉ ሰዎች እንኳ ከእኛ ሱቅ ሚሞሪ እንዲላክላቸው ነው ያዘዙት። ራኒያ ፍላሹን ስትሰጠኝ፣ «ዘጠኝ ዘፈን ነው። እንዳለ ጫኚው» አለችኝ።

እንዳለ ጫኚው የማይል ደንበኛ የለም። ከዚያ በነጋታው ድምፁ አነሰ ብሎ ይመጣል። ስለዚህ ሁሌ እንደማደርገው አደረግኩ። ዘጠኙንም ከፈትኩ፣ ድምፁን አሳደግኩ፣ መግቢያና መውጫውን ቆረጥኩ፣ ማህተም መታሁ። አራተኛው ዘፈን መግቢያው ላይ ረጅም ቀጥ ያለ መስመር ነበረው። አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። ሲያወጡት ተበላሽቶባቸው ይሆናል አልኩና ቆረጥኩት። ማዳመጫ አላደረግኩም።

የሾፌሮቹ ሂስ ቶሎ ነው የመጣው። አንዱ፣ «ጄኔሬተር ውስጥ ሰው ገብቶ የሚጮህ ነው የሚመስለው» ብሎ አስጠፋው። ሌላው ተሳፋሪ አያስተኛም ብሎ ወደደው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ለጓደኞቹ ጭምር አምስት ካርድ አስጫነ።

የጽሑፉ ሂስ ሁለት ሳምንት ቆየ። የመጀመሪያውን የጻፈችው ኢንተርኔት ላይ ስለ ሙዚቃ የምትጽፍ ወጣት ናት። ዮናስ ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣና አነበበልኝ። የአልበሙ ደፋሩ ነገር ጊታሩም ጩኸቱም አይደለም ትላለች። ከእያንዳንዱ ዘፈን በኋላ የምትገባው የባዕድ ሴት ድምፅ ነው፣ ባንዱ የራሱን ሥራ እንደተሰረቀ ዕቃ ማህተም መትቶበታል፣ ዘፈኑን ከነባለቤትነቱ ያባርረዋል፣ እያለች ሁለት አንቀጽ ሙሉ ጽፋለች።

«ማህተም የምን?» አለ ዮናስ።

«የሱቃችን ነው። ሁሉም ላይ እንመታለን።»

ትንሽ አፈጠጠብኝና መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። «ኸላስ፣ ይቅር። አንቺ ከእኛ በላይ አናርኪስት ነሽ።»

ዐሚ ዑስማን ለጎረቤት ሱቆች ሁሉ ነገረ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ስለ እኔ ሰው ሲጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

ሁለተኛውን የጻፉት ጋዜጣ ላይ ስለ ዱሮ ዘፈኖች ዓምድ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ሁሉም ሰው ኡስታዝ ነው የሚላቸው። ሙዚቃውን ጫጫታ ነው አሉ። ይህን ሁሉም ጠብቆታል። ግን አራተኛውን ዘፈን ለብቻው አነሱት። የዘፈኑ ርዕስ «ሙስዓብ» ነው። ሙስዓብ የራኒያ ወንድም ነው፣ ሰልፍ ላይ በጥይት የሞተ። ኡስታዝ፣ የሟች ስም የያዘ ዘፈን ትንፋሽ እንኳ ሳይስብ በጩኸት ይገባል፣ እነዚህ ልጆች ሐዘን ምን እንደሆነ ቤታቸው አላስተማራቸውም፣ ብለው ጻፉ።

ዮናስ በዚህኛው ቀን አልሮጠም። «የራኒያ እናት ጋዜጣ ያነባል፣ በየጠዋቱ» አለኝ። «አነበበች። 'ቤታቸው' የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበች። ከዚያ ክፍሏ ገባች።»

«እና ራኒያስ?»

«ሰውየው ውሸታም ነው ትላለች። ዘፈኑ በዝምታ ነው የሚጀምር። ደቂቃ ከአርባ። እናቱ ልጁን ሆስፒታል ስትፈልግ በር ላይ ያቆሟት ያህል ነው። ሰውየው አልሰማም፣ ዘሎ ነው የጻፈ። ጁምዓ ስብሰባ አለን፣ መልስ እንጽፋለን፣ ስሙን ጠርተን።»

ሁለቱም ሂሶች የተጻፉት ስለ እኔ ሥራ እንደሆነ እዚያ ቆሜ ገባኝ። አንዷ ያመሰገነችው እኔ የጨመርኩትን ነው። ሌላው የሰደቡት እኔ ያጎደልኩትን ነው። ባንዱ የሠራውን ገና ማንም አልሰማውም። አሁን ደግሞ ምንም ያላጠፉ ሽማግሌ በአደባባይ ውሸታም ሊባሉ ነው።

ለዮናስ እዚያው መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። መጀመሪያ ለዐሚ ዑስማን ነገርኩት።

«ዝም በይ። ፋይሉ ተበላሽቶ ነው ይባላል። ይህ ያልፋል» አለ።

«ፋይሉ አልተበላሸም። እኔ ነኝ የቆረጥኩት።»

«ሱቁ ዘፈን ይቆርጣል ከተባለ ማን ያስጭናል? ሄደሽ ካወራሽ ከማሽኑ ትነሻለሽ። ነግሬሻለሁ።»

«እሺ፣ እነሳለሁ» አልኩት። እንዲህ ስል ግን ከልቤ አልነበረም፣ የሚተወኝ መስሎኝ ነበር።

ጁምዓ ጠዋት ሰሃፋ ሄድኩ። የሚለማመዱት የዮናስ ወላጆች ጊቢ ውስጥ ባለች ክፍል ነው፣ ድምፁ እንዳይወጣ ግድግዳው ላይ ፍራሽ ደግፈዋል። ሦስቱም መሬት ላይ ተቀምጠዋል። መልሱን ራኒያ ጽፋ ጨርሳ ለማንበብ ወረቀቱን ይዛለች። ሳልቀመጥ ተናገርኩ።

«ሰውየው አልዋሸም። እሱ ጋ የደረሰው ካርድ ላይ ዝምታው የለም። የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

ራኒያ፣ «ሰምተሽው ነው የቆረጥሽው?» አለችኝ።

«አልሰማሁትም። በዓይን ነው የምንቆርጠው።»

«እንዳለ ጫኚው ብዬሽ ነበር።»

«ብለሽኛል።»

ወረቀቱን አጠፈችው። ይቅርታ አድርጌልሻለሁ አላለችም፣ እስከ ዛሬም አላለችም። «ቁጭ በይ። ሥራው ላይ እጅሽ ስላለበት በስብሰባው ድምፅ አለሽ» ብቻ አለች። የእነሱ ደንብ ነው። አንድ ሰው ካልተስማማ ነገሩ አይሆንም።

ካርዶቹ እንደ አዲስ እንዲጫኑ፣ ዝምታው እንዲመለስ ወዲያው ተስማሙ። የተጨቃጨቁት በማህተሙ ነው። ሃሺም ማህተሙ ይቆይ እንጂ አይጥፋ ባይ ነው። «የውጭ ሰዎች ሳይቀሩ ስለ እሱ እየጻፉ ነው። ካጠፋነው ምን ይቀርልናል?»

«ዘጠኝ ዘፈን ይቀራል» አለ ዮናስ።

«ድምፁ የእኔ ነው፣ እኔ አልፈቅድም» አልኩ።

ሃሺም፣ «የአልበሙ ስም እኮ ያለ ፈቃድ ነው» አለና ሳቀ።

«ስሙን አውቃለሁ። የሟቹ ዘፈን ላይ ያላ፣ ሌላ አምጡ የምትል ሴት ሆኜ መቅረት አልፈልግም።»

እኔ ስላልተስማማሁ ማህተሙ እንዲወጣ ተወሰነ።

ቅዳሜ አዲሱን ካርድ ይዤ ኡስታዝ ጋ ሄድኩ። ቢሯቸው ጋዜጣው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ጠረጴዛቸው በካሴት ተሞልቷል። ማን እንደሆንኩና ያደረግኩትን ነገርኳቸው። «ጋዜጣ ለሚሞሪ ካርድ እርማት አያወጣም፣ ልጄ» አሉኝ። ሆኖም ካርዱን ስልካቸው ውስጥ ከተው አራተኛውን ከፈቱ።

ሠላሳ ሰከንድ ያህል ቆይተው፣ «ይህም ተበላሽቷል» ብለው እጃቸውን ወደ ስልኩ ሰደዱ።

«ይቆዩ፣ ኡስታዝ» አልኳቸው።

እጃቸውን መለሱ። አብረን ተቀመጥን። ዝምታው ባዶ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ነው እኔም የሰማሁት። ከሩቅ የቬንትሌተር ድምፅ አለ፣ ሰው ወንበር ላይ ሲላወስ ይሰማል፣ አንዴ ብረት በር ይንኳኳል፣ ማንም አይከፍትም። ከዚያ ጩኸቱ ገባ። ኡስታዝ እስኪያልቅ አላቋረጡትም።

«ስንት ዓመቱ ነበር?» አሉኝ።

«አላውቅም። አልጠየቅኩም።»

ቀና ብለው አዩኝ። አለመጠየቄ ካደረግኩት ሁሉ በላይ አሳፈረኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ዓምዳቸው ግርጌ ሦስት መስመር ወጣ። «ሙስዓብ» የሚለው ዘፈን በዝምታ እንደሚጀምር፣ እሳቸው የደረሳቸው ቅጂ የተቆረጠ እንደነበር፣ ስለ ቤተሰቡ የጻፉትን እንደሚያነሱ። ሦስተኛው መስመር ሙዚቃው አሁንም ጫጫታ ነው ይላል። ዮናስ እናትየው ሦስቱን መስመር ቆርጣ አስቀምጣለች አለኝ። ራኒያ ስለዚህ አንድም ቀን አላወራችኝም።

ኢንተርኔት ላይ የምትጽፈዋ ልጅ አዲሱን ቅጂ ሰምታ፣ ባንዱ ፈርቶ ደፋሩን ድምፅ አወጣው፣ የመጀመሪያው ይሻል ነበር፣ ብላ ጻፈች። ስለ ዝምታው ምንም አላለችም። ሾፌሮቹ ግማሾቹ ካርዱን ተበላሸ ብለው መለሱት።

ዐሚ ዑስማን ቃሉን ጠበቀ። ከማሽኑ አንስቶ ደጅ ላይ ተቀባይ አደረገኝ። ሰባት ወር ፕላስተር ለጠፍኩ። በኋላ አዲሱ ቆራጭ ዘፈን ሲያምታታ መልሶ አስቀመጠኝ፣ ግን ይቅርታ አልጠየቀም፣ እኔም አልጠበቅኩም። ሱቁ በኋላ ሱዳን ውስጥ በተነሳው ጦርነት ጊዜ ተዘርፎ ቀረ። አሁን ወደ ከተማው ተመልሼ ሰሃፋ ትንሽ ጠረጴዛ አለኝ፣ ስልክ እጠግናለሁ፣ ዘፈንም እጭናለሁ።

ወደዚህ ሥራ ለሚገቡ የምለው ይህን ነው። ቀጥ ያለ መስመር ስታዩ ከመቁረጣችሁ በፊት ማዳመጫ አድርጉ። ካልገባችሁ ባለቤቱ ጋ ደውሉ። ቆርጣችሁ ከሆነም ሰው ሌላውን ውሸታም ከማለቱ በፊት ሂዱና ተናገሩ። ከማሽኑ ትነሱ ይሆናል። እኔ ተነስቻለሁ።