በቅጽ የተነገረ መርዶ

ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤት በጸሐፊነት የገባሁ ዕለት የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ሁለት ነገር አዘዙኝ። «ሰው ያላለውን አትጻፍ። ጽፈህ ስትጨርስ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብለት፤ ከዚያ ይፈርም።» ጡረታ እስክወጣ ሁለቱንም አክብሬ ኖርኩ። የመጀመሪያውን የጣስኩት ከጡረታ በኋላ ነው።

ያለፈውን የድንበር ጦርነት የሚመረምር ገለልተኛ ኮሚሽን ሲቋቋም ቃል መዝጋቢዎች ተፈለጉ። ለምን እንደተገባበት፣ ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንደቀረ ይጣራል ተባለ። ጽሕፈቴ ይታወቃልና ጠሩኝ። ኮራሁ።

ቡሬ ከተማ፣ በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ሰጡን። አስተባባሪያችን ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት የሕግ ባለሙያ ነበር። የሰጠን ቅጽ ሁለት ክፍል ብቻ አለው፤ «ሟች» እና «ቁስለኛ»።

«የደረሰበት ያልታወቀውስ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ቅጹ ከላይ የጸደቀ ነው። ሟች የሚለው ላይ ይጻፉት።»

እኔም እሺ አልኩ።

በሦስተኛው ቀን እትየ ጥሩነሽ የሚባሉ አሮጊት ከገጠር በእግራቸው መጡ። ልጃቸው አበረ ዘምቶ አልተመለሰም።

«መርዶ አልደረሰኝም፤ መርዶ ካልመጣ ልጀ አለ» አሉኝ። «እናንተ ትልልቆቹን ትጠይቃላችሁ ሲሉ ሰማሁ። የት እንዳደረሱት ጠይቁልኝ።»

ሁሉንም አሳምሬ ጻፍኩ። ከዚያ እንደ ልማዴ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። «የሟች ስም፣ አበረ። የሟች እናት...»

እትየ ጥሩነሽ ብድግ አሉ። «ሞቷል?»

«የለም እትየ፣ ቅጹ ነው እንጂ...»

«መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የነፍስ አባት ባሉበት ነው። አንተ ለብቻየ፣ በሰው አዳራሽ ነገርኸኝ።»

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። እየተከተልኩ መሞቱን እንደማላውቅ ማልኩላቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አላመኑኝም።

«የመንግሥት ሰው ጽፎ፣ አንብቦ ደግሞ ይክዳል?» አሉኝ።

በሳምንቱ የልቅሶ ዳስ ደጃቸው ላይ ተጣለ። ኋላም ያለቻቸውን አንዲት ጊደር አርደው ተዝካሩን አወጡ። ሄጄ ከዳሱ ጥግ ተቀመጥኩ።

ዘግይቶ ሪፖርቱ ወጣ፤ ወፍራም መጽሐፍ ነው። ማን አዘዘ ለሚለው «በወቅቱ የነበረው አመራር» ይላል። ስም የለም። ከሟቾቹ ዝርዝር አበረን ፈለግኩ፤ እሱም የለም። አስተባባሪው ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ መሞቱን የሚያሳይ ማስረጃ ስላልተገኘ ተሰርዟል» አለኝ።

እናቱ አልቅሰው ጨርሰዋል። ለእሳቸው ይህን የሚነግር ሰው ከኮሚሽኑ አልመጣም፤ እኔም አልሄድኩም። ምን ብዬ?

በዚህ ሥራ ለምትተኩኝ የምለው አንድ ነው። ቅጹ ለሰውየው ቦታ ከሌለው ባዶውን መልሱት። እኔ ሞላሁት።