ለአንድ በሽተኛ የተፈቀደ መኪና

ወገኖች፣ ጌታ በሆድ ዕቃዬ ውስጥ ያደረገውን ልመሰክር ተነስቻለሁ። አሜን በሉ፤ ግን በአፍንጫችሁ። የዳባት ግድግዳ ጆሮው ከጅብ ይበልጣል። እልልታውንም ወደ ውስጥ ዋጡት። ክብር ለጌታ ይሁን!

ደምሌ ነኝ፣ የደባርቁ ባለ ልኳንዳ። ከቡይት ራስ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ያለውን በሬ ሁሉ ሆዱን ገልብጬ አይቻለሁ። ጣፊያ፣ ጉበት፣ ሐሞት፣ ሽንፍላ፤ ዓይኔን ጨፍኜ አወጣዋለሁ። የራሴን ሆድ ግን አረቄ ከመሙላት በቀር አላውቀውም ነበር። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ "አያ ደምሌ፣ ይኼ ሥጋ ምነው ጅማት ብቻ?" ብትለኝ፣ "ምን ላድርግሽ፣ በሬው ስብሰባ አብዝቶ ከሳ" አልኳት። ከኋላዋ የተሰለፈው ካድሬ ነበር። ሥጋውን ትቶ እኔን ይዞ ሄደ።

እስር ቤቱ የእህል መጋዘን ነበር። ውርጩ በቆርቆሮው ሽንቁር ገብቶ ከእኛ ጋር ይተኛል። ሰው ይጠራል፤ የተጠራው አይመለስም። ከጎኔ የሚተኛው መምህር ታረቀኝ የሚባል የሳይንስ አስተማሪ ነበር፤ ወንጀሉ ጴንጤነት። ደም ያስለዋል። እኔ ደግሞ "አንተ ጸረ ማርያም፣ ጌታህ ለሳንባህ መድኃኒት አልላከልህም?" እለዋለሁ። "ይልካል፣ አያ ደምሌ" ይለኛል፣ እየሳቀ።

አንድ ጠዋት እምብርቴ ዙሪያ ያመኝ ጀመር። ረፋዱ ላይ ሕመሙ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ ጎኔ ወርዶ ተቀመጠ። አስታወከኝ፤ እንደ እሳት አነደደኝ። መምህር ያመመኝን ቦታ በሁለት ጣቱ ጫን አድርጎ ድንገት ለቀቀው። ስጮህ የሊማሊሞ ዝንጀሮ ሁሉ ገደል ገባ።

"ትርፍ አንጀት ነው" አለ።

"ያን ሁሉ በሬ አርጄ ትርፍ የሚባል አንጀት አላየሁም!"

"አንተ በሬ አይደለህም። ትልቁ አንጀት ከሚጀምርበት ላይ የምትንጠለጠል፣ ትንሽ ጣት የምታክል ከረጢት ናት። አፏ ሲዘጋ መግል ትቋጥራለች። ከፈነዳች መግሉ ሆድ ዕቃህ ውስጥ ይፈስሳል፤ መርዙን ደም ይቀበለዋል። ልብ ደግሞ ክፉና ደግ አይለይም፤ የመጣለትን ወደ መላ አካል ይረጫል። ያኔ አበቃ።"

"ትርፍ ከሆነችማ እንደ ትርፍ ቤት ቀበሌ ይውረሳት!" አልኩ። እስረኛው ሳቀ፤ ዘበኛውም ሳቀ። ኋላ "ልሞት ነው፣ ሐኪም ቤት አድርሱኝ" ስለው ይበልጥ ሳቀ። ወገኖች፣ ሰው ሲያስቅ የኖረ ሲሞት የሚያምነው አያገኝም።

ያን ዕለት ወደ ጎንደር የሚሄድ የወታደር መኪና ነበር፤ መምህርን ሐኪም ቤት እንዲያደርስ ስንት ተለምኖ የተፈቀደ። አዛዡ በር ላይ ቆሞ "ታረቀኝ፣ ውጣ" አለ።

"እሱ ይሂድ" አለ መምህር፣ እኔን እያሳየ።

"የተፈቀደው አንድ በሽተኛ ነው።"

"አንድ ነዋ፤ እሱ። አንጀቱ እስከ ነገ አይቆይለትም። እኔ ሳንባዬ ሁለት ነው፤ አንዱ ይጠብቀኛል።"

እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። መኖር ፈለግሁ፣ ወገኖች። ጫኑኝ።

ጎንደር ቀደው አወጡልኝ። ሐኪሙ "ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ የምትሄደው እኔ ጋ ሳይሆን መቃብር ቆፋሪ ጋ ነበር" አለኝ። ስሙ ይባረክ!

ቁስሌ ሳይደርቅ ወደ መጋዘኑ መለሱኝ። የመምህር ቦታ ባዶ ነበር። ያ የሚስቀው ዘበኛ ዓይኔን ሸሸ። "ደም አነቀው" አለኝ። "ሊያልፍ ሲል 'ደምሌ ተረፈ ወይ?' ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ምንም ወሬ አልነበረኝም። ተርፏል አልኩት።"

በየስቅለቱ ወገቤ እስኪቆረጥ ስሰግድ ኖሬ፣ ሰው በሰው ፈንታ መሞት ምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ ባዶ ሰሌን ላይ ነው። ቀልድ ፈለግሁ፤ አንድም ጠፋ። "የመምህር ጌታ ሆይ፣ እኔንም ተቀበለኝ" አልኩ። ተቀበለኝ! ሃሌ ሉያ፣ ቀስ ብላችሁ!

"ታዲያ እሱን ለምን አልፈወሰውም?" ትሉኝ ይሆናል። አላውቅም። ጌታ ጋ ስደርስ እጠይቀዋለሁ።

ይህ የተቀመጥንበት ቤት የመምህር ነው። በሩ ላይ ሆና ሰው እንዳይመጣብን የምትጠብቀው ሚስቱ ናት። ከእስር እንደ ወጣሁ መጥቼ ሁሉን ነገርኳት። ከዚያ "ጠባሳውን አሳየኝ" አለችኝ። ሸሚዜን ገለጥኩ። ጎንበስ ብላ አየችው።

"ደኅና ጠግጓል" አለች። "ግባና እህል ቅመስ።"

ወገኖች፣ እንዲህ ያለ ልብ የሚሰጥ ጌታ ነው። ያላመናችሁት ዛሬ እመኑት።