የማሳው ሽቦ

ሰሞኑን ቡልጋሪያ አካባቢ በአንድ ጋራዥ በር ሳልፍ አንዱ መካኒክ የሽቦ ጫፍ በምላሱ ሲቀምስ አየሁ። ወይ ጉድ! የእኔኑ ምላስ ቆነጠጠኝ፤ ያ ጎምዛዛ የመዳብ ጣዕም አፌን ሞላው። "ተው እንጂ፣ በአምፖል ሞክረው" ስለው "አባባ፣ የባትሪ ነው፣ አይገድልም" ብሎ ሳቀብኝ። እርግጥ ነው አይገድልም። ምላስ ግን ይዋሻል።

በጣልያን ጊዜ ነው። ኋላ ካዛንቺስ የተባለው ሰፈር ያኔ ለሹማምንቶቻቸው ቤት ይሠራበት ነበር። እኔና ጓደኛዬ እዚያው በነበረ ጋራዥ ውስጥ የካሚዮን ኤሌክትሪክ እንጠግናለን። ጠዋት ስንገባ ግቢው ናፍጣና እርጥብ ኖራ ይሸታል። ካፖው፣ ማለቴ ጣልያኑ አለቃችን፣ ባለ ቀስት የኮረንቲ መለኪያ አለችው፤ ለማንም አያስነካትም። ጓደኛዬ የሚያምነው ምላሱን ነው፤ "ቆነጠጠኝ፣ ደህና ነው" ይላል። እኔ ደግሞ ከተጣለ መኪና የፈታኋትን አምፖል ሁለት ሽቦ ቀጥዬላት በኪሴ ይዣት እዞራለሁ። ሲስቁብኝ ለጓደኛዬ አስረዳው ነበር፤ ቀስትም ምላስም ኮረንቲ መኖሩን ብቻ ነው የሚናገሩት። አምፖል ግን ኮረንቲውን ይበላል፤ አቅም ከሌለው ፈዞ ያሳብቃል።

አንድ ቀን ወታደር የጫነ ካሚዮን መንገድ ላይ መብራቱ ደብዝዞበት ቆሞ ኖሮ ተጎትቶ መጣ። መጨረሻ የነካው ጓደኛዬ ነበር። የወታደሮቹ መኮንን በአስተርጓሚ "የሽፍታ ወዳጅ ነው፣ ሆን ብሎ ነው" እያለ ጮኸ፤ ጓደኛዬን እጁን አሳስሮ ግድግዳ ሥር አስቀመጠው። የሰው እጅ እንዳለበት ከታወቀ ጓደኛዬ በሕይወት እንደማይመለስ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ካፖው መለኪያውን አወጣ። ቀስቷ ደህና ቆመች። ግራ ገብቶት እኔን ጠራኝ። የአምፖሌን አንዱን ሽቦ መብራቱ ጋ በሚመጣው የኮረንቲ ሽቦ ላይ፣ ሌላውን የባትሪው መመለሻ ጫፍ ላይ አስነካሁ፤ ቦግ አለች። ሁለተኛውን አንስቼ የመብራቱ መመለሻ ሽቦ ላይ ሳደርገው ግን ፈዘዘች።

"ማሳ ነው!" ብዬ ጮህኩ። ጣልያኖች ኮረንቲ የሚመለስበትን የመኪናውን ብረት ማሳ ይሉታል፤ ቃሉን የወሰድነው ከነሱ ነው። አስተርጓሚው ምን በወጣው! ገበሬ የሚያርሰው ማሳ መስሎት እርሻ ብሎ ተረጎመው። መኮንኑ "የምን እርሻ?" ብሎ ዓይኑን አፈጠጠ። ካፖው በሳቅ ፈረሰ፤ "ማሳ! ማሳ!" እያለ ብረቱን ይደበድባል። ዛሬም ሳስበው ያስቀኛል።

እነሱ ሲጯጯሁ ከመኪናው ሥር ገባሁና የመመለሻውን ሽቦ ቡሎን ፈታሁ። ክው አልኩ። የሽቦው ጫፍ ከጫማ ምላስ በተቆረጠ ቀጭን ቆዳ ተጠቅልሏል፤ ብረቱን የሚነካው በትንሹ ነው። ቆዳ ደግሞ በራሱ እግር እዚያ አይገባም። ለካስ ያ ሁሉ ማስረዳቴ ከንቱ አልቀረም፤ ጓደኛዬ ቀስትና ምላስ የማያዩትን ብልሽት ከእኔው ተምሯል!

ቆዳውን አፌ ውስጥ ከተትኩና ጉንጬ ሥር ወተፍኩት። ሽቦውን ፍቄ መልሼ አሰርኩ። መብራቱ ወገግ አለ።

"ምን ነበር?" አለኝ ካፖው።

አፌን በቅጡ ሳልከፍት "ዝገት" አልኩት።

ጉንጬን አየ። አሁንም አየ። ከዚያ ወደ መኮንኑ ዞሮ በቋንቋቸው ዝገት ነው አለው። ነፍሱን ይማረው፣ የገባው ይመስለኛል።

ጓደኛዬን ፈቱት። ማምሻውን በቂርቆስ በኩል ወደ ቤታችን አብረን ሄድን። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስንደርስ ተሳልሞ ቆመ።

"ምን አገኘህ?" አለኝ።

"ዝገት አልኩ አይደል!"

እንባው ዱብ ዱብ አለ። አንገቴን አቅፎ አልለቅ አለኝ፤ እኔም አለቀስኩ። ብዙም ሳይቆይ ከሰፈር ጠፋ፤ ጫካ ገባ አሉ።

ጣልያን ወጥቶ አርበኞቹ ከተማ ሲገቡ ሰው ይጨፍራል፣ ሴቱ እልል ይላል። እኔ መንገድ ዳር ቆሜ ጎፈሬና ጢም የሸፈነውን ፊት ሁሉ አንድ በአንድ አየሁ። የመጨረሻው ሰው አለፈ። ሰዉም ተከትሎ ሄደ። እኔ ግን፣ ምናልባት ወደኋላ የቀረ ካለ ብዬ፣ እስኪመሽ እዚያው ቆምኩ።