ጓድ ጌታዬ

ከአራዳ ልጆች መካከል ከሞጆ ወዲያ ያለው ፍል ውሃ ወርዶ እንደ እኔ የዋኘ የለም እያልኩ የስንቱን ጆሮ አደንቁሬአለሁ፤ እውነቱ ግን ውሃውን በዓይኔም አላየሁት። ባለፈው ሰሞን ፒያሳ ጢሜን ልላጭ ገብቼ፣ ፀጉር አስተካካዩ እንፋሎቱ የሚትጎለጎል ፎጣ ፊቴ ላይ ጣል ሲያደርግልኝ፣ ሰው ደስ ይለዋል እኔ ደሜ ፈላ። አክስቴ እትዬ ጥሩነሽ ትዝ አለችኝ።

እትዬ ጥሩነሽ ጉልበቷን ቁርጥማት ይዟት መስገድ ካቃታት ከርሞ ነበር። «ፍል ውሃ ዘፍዝፊው» ያላላት የሰፈር ሰው ስላልነበረ፣ በዚያ በደርግ ዘመን አንድ እሑድ ከቀበሌው ስብሰባ ለመቅረት በስንት ልመና አስፈቅዳ፣ እኔን ምርኩዝ አድርጋ በማለዳ ተነሣን። አውቶቡሱ ውስጥ ግማሹ አዲስ አበባ ታጭቋል፤ የቀረው ግማሽ ጣራው ላይ ነው። እሷ ለጎረቤት ውሃ የምታመጣበትን ጀሪካን እንደ ሕፃን አቅፋ፣ ሞጆን አልፈን ሙቀቱ ሲቀበለን፣ ጉልበቷን እየዳበሰች «አይዞህ፣ ደረስንልህ» ትለዋለች።

የፍል ውሃው በር ላይ ጠመንጃ ያነገተ ዘብ ቆሟል። «ዛሬ የጓዶች መዝናኛ ነው፣ ተመለሱ!» አለ። ከአጥሩ ወዲያ ሲንቦጫረቁና ሲስቁ ይሰማል።

«ጌታዬ፣ አፈር ስሆን፣ ጉልበቴን ብቻ ነክሬ ልውጣ።»

«ጌታ የሚባል ነገር ቀርቷል! ጓድ በዪ!»

እትዬ ጥሩነሽ ሰውን ጌታዬ ሳይሉ መለመን ስድብ ነው ተብላ ያደገች ናት። ጎንበስ ብላ፣ ከልቧ፣ «እሺ፣ ጓድ ጌታዬ» አለች።

ከኋላችን የተሰለፈው ሰው በሳቅ ፈረሰ። ዘቡ የተቀለደበት መሰለው፤ «ታሾፊያለሽ፣ አድኃሪ!» ብሎ ጠመንጃውን አቀባበለ። በመጣንበት ተመለስን።

ዛሬም ያንገበግበኛል። ጌታ ቀርቷል የሚለው ሰውዬ እኮ ውስጥ የሚንቦጫረቁትን ጌቶች ነበር የሚጠብቀው! ምድር ራሷ ያፈላችውን ውሃ፣ መንግሥት አንዲት ጭራሮ ያልማገደበትን! ዛሬ ማንም ገብቶ ይዘፈዘፍበታል፤ እትዬ ጥሩነሽ ግን የለችም፤ ያ ጉልበት ስትገነዝ እንኳ አልዘረጋም ብሎ ሰው አስቸገረ።

የዚያን ዕለት ከሁለታችን ሞቅ ያለ ውሃ የነካው እኔን ብቻ ነው። ጠመንጃው ቀጭ ሲል ሱሪዬ ላይ ሸናሁ፤ ያውም በአሥራ ሦስት ዓመቴ።