ነጯ ጥይት የምትጠፋበት ቦታ

ባሌ ዘውዴ ሃምሳን ካለፈ በኋላ ጦርነት የጀመረ ሰው ነው። ቀልዴን አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ ሂትሮው የኤርፖርት ሠራተኞችን በባስ ሲያመላልስ ይከርምና፣ የእረፍት ቀኑ ስትደርስ ከከተማ ወጣ ያለ ጫካ ሄዶ ከፈረንጅ ጎልማሶች ጋር ተኩስ ይገጥማል። ጨዋታው ኤርሶፍት ይባላል። ጠመንጃው ቁርጥ እውነተኛውን ይመስላል፤ የሚተፋው ግን ከሽምብራ የምታንስ ነጭ የፕላስቲክ ጥይት ነው። ስትመታ ቆንጠጥ ታደርጋለች እንጂ ሌላ ጉዳት የላትም። እዚህ ጨዋታ ውስጥ የከተተው ቤንጃሚን ነው፤ ፓርክ ሮያል መጋዘን የሚሠራ፣ እዚሁ ለንደን የተወለደ ያበሻ ልጅ።

መጀመሪያ ላይ አላስቀመጥኩትም። “ከአፈሳ አምልጠህ መጥተህ እዚህ በገዛ ገንዘብህ ትዘምታለህ?” አልኩት አንድ ቀን። ነገሩ እውነት ነው። በደርግ መጨረሻ ወጣቱ ከየመንገዱ እየታፈሰ ወደ ግንባር ሲጫን፣ ዘውዴ ናዝሬት አክስቱ ቤት ኮርኒስ ውስጥ ተደብቆ ነው የተረፈው። ታላቅ ወንድሙ ዘርይሁን ግን ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ ተያዘ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ዘውዴ በአነጋገሬ አልተቀየመም።

“እዚያ ጫካ የተመታ ሰው እጁን አንስቶ ይወጣል” አለኝ። “ሻዩን ይጠጣና ተመልሶ ይገባል። ሙሉዬ፣ እሱ ነገር ደስ ይለኛል።”

ከዚያ ወዲህ ስለ ጨዋታው ክፉ መናገር አቃተኝ። የማስጠነቅቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ያ ጠመንጃ ሰፈራችን ዊልስደን መንገድ ላይ ከቦርሳው ብቅ እንዳይል። ጥቁር ሰው ጠመንጃ የሚመስል ነገር ይዞ ቢታይ ፖሊሱ ጠጋ ብሎ “ፕላስቲክ ነው ወይ?” ብሎ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ባለፈው ዓመት ብርዱ ሲያልፍ ዘውዴ በጠመንጃው ላይ ማማረር ጀመረ። ሩቅ አይሄድም አለ። ተጫዋቾቹ ጥይቷን ሲተኩሱ በዓይናቸው ይከተሏታል፤ ነጭ ስለሆነች ስትበር ትታያለች፤ ወዴት እንደሳተች አይተው ያስተካክላሉ። የሱ ግን ገና ከአፈሙዙ እንደወጣች ትንሽ ትሄድና መሀል ላይ እልም ትላለች። ወድቃለች ማለት ነው ብሎ ደመደመ።

ስለዚህ ጠመንጃውን ማሻሻል ተጀመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤንጃሚን እየመጣ የወጥ ቤት ጠረጴዛዬን በብሎን ሞሉብኝ። እኔ ብልሃቱ ጥይቷን የሚገፋ ጠንካራ ስፕሪንግ መግጠም መስሎኝ ነበር። አይቻልም አሉኝ፤ ጫካው በር ላይ የጥይቷን ፍጥነት ይለካሉ፣ ከተፈቀደው ካለፈ ወደ ቤትህ ይሉሃል። ርቀት የሚገኘው በሌላ መንገድ ነው። በርሜሉ፣ ማለትም የመውጫዋ ቱቦ፣ ሥር ጥይቷን ወደ ኋላ እያሾረ የሚያስወጣት ትንሽ ጎማ አለ፤ ስትሾር አየሩ ደግፎ ያቆያታል። ጎማው ተቀየረ። ቀጥሎ የውስጡ በርሜል ለስላሳ በሆነ ተተካ። ከዚያ አየር የሚያስተነፍሰው ቦታ ሁሉ ተደፈነ፤ ቀላሉን ጥይት ነፋስ ይወስደዋል ተብሎም ከበድ ያለ ተገዛ። ዘውዴ ግን ከጫካ በተመለሰ ቁጥር ፊቱ ጠቁሮ ይገባል። “አሁንም ትጠፋለች” ይላል።

ሌላም ሌላም ነበር። ጫካ ውስጥ መጀመሪያ ተመቶ የሚወጣው ሁልጊዜ እሱ ሆነ፤ የሚመቱትም ከግራ። ቤት ውስጥ ክፍት የቁም ሳጥን በር በደረቱ ይገጫል። የባሱን የግራ መስታወት ከምሰሶ ጋር አፋትጎ፣ ምሰሶውን የተከለውን ሰው ሲራገም አመሸ። ዓይንህን ቼክ አስደርግ ስለው ዓይኔ ምን ሆነ ይለኛል። በእርግጥም ጋዜጣ ያለ መነጽር ያነባል። እኔም ድካም ነው ብዬ ተውኩት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ነገር ተገጥሞ አለቀና ጓሯችን ውስጥ ሊሞክሩት ወጡ። ጓሯችን ጠባብ ናት፤ ርዝመት ግን አላት። ለጎረቤት ተነገረ፤ ጥይቷ አጥር እንዳታልፍ መጨረሻው ላይ አበባ ያለበት አሮጌ ብርድ ልብሴ ተሰቀለ። እኔ ልብስ ላሰጣ ወጥቼ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ዘውዴ አነጣጥሮ ተኮሰ።

“ይኸው ጠፋች” አለ።

እኔ ግን አይቻታለሁ። ክር ላይ እንደተሰካች ቀጥ ብላ ሄዳ ብርድ ልብሱ መሀል አረፈች።

“ምን ትጠፋለች፤ ደረሰች እኮ” አልኩት።

“የት?”

“አበባው ላይ ነዋ።”

ደግሞ ተኮሰ። ደግሞ ደረሰች። ዘውዴ ወደ ቤንጃሚን ዞረ። ልጁ መሬት መሬቱን ያያል። “ጋሽ ዘውዴ፣ ጠመንጃው ፐርፌክት ነው” አለ ቀስ ብሎ። “እርስዎ... ሶሪ፣ እርስዎ አላዩዋትም?”

ዘውዴ ጠመንጃውን ሳሩ ላይ አስቀመጠ። የግራ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ብርድ ልብሱን አየ። ከዚያ የቀኙን ሸፈነ። የማሰጣውን ልብስ እንደያዝኩ ቀረሁ።

“ብርድ ልብሱ የለም” አለ።

ከዚያ እጁን ከፊቱ ላይ አነሳና ወደኔ ዞረ። ስለ ዓይኑ የሚናገር መስሎኝ ነበር።

“ሙሉዬ፣ እኔ እኮ ሰው ጭኜ ነው የምነዳው።”

በዚያው ሰዓት አለቃው ጋ ደውሎ ከነገ ጀምሮ ባስ አልነካም አለ። ሐኪም ገና ምንም አላለውም፤ ማንም አላስገደደውም። ያን የመሰለ ሰው ያገባሁት እኔ ነኝ ብዬ ኮራሁ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ።

ሆስፒታል ያየችው ሐኪም ወጣት ናት። ግላኮማ ነው አለችን። በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ነርቩን ሲጎዳ ኖሯል፤ ሕመም የለውም፣ ከዳር ከዳር እየቆረሰ ይወስዳል፣ ሰውየው የጎደለውን አያውቀውም። ሁለቱም ተጎድተዋል፤ ግራው ብሷል። የሄደው አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን እንዲያቆይ ነው። እንዴት እንዳወቀ ስትጠይቀው ስለ ጠመንጃው ነገራት። እሷም አልሳቀችም። የባስ መንጃ ፈቃዱን አስረከበ፤ ጫካውም ቀረ።

አሁን ማታ ማታ ጠብታውን የማደርግለት እኔ ነኝ። እንደ ሕፃን ዓይኑን ጨፍኖ ያስቸግረኛል፤ እቆጣዋለሁ። ቀን ቀን መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣል። ሠላሳ ዓመት ሲሮጥ የኖረ ሰው ሲቀመጥ ማየት እንዴት እንደሚከብድ ለማንም ማስረዳት አልችልም። ጠመንጃውን ውሰደው ቢለው ቤንጃሚን እምቢ አለ። “የእርስዎ ነው፣ ጋሽ ዘውዴ” ብሎ ጥሎት ሄደ።

ባለፈው ሳምንት ዘውዴ ከመስኮቱ ተነስቶ ጓሮ እንውጣ አለኝ። ብርድ ልብሱን መልሼ ሰቀልኩ፤ እሱ ደግሞ ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ከብርድ ልብሱ ፊት እንዳንጠለጥልለት ጠየቀኝ። ቀና ብሎ አነጣጠረ። ቆርቆሮው ቃ አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ ሲል አየሁት። ደግሞ ተኮሰ። በዚህ ጊዜ ጥይቷ ቆርቆሮውን በጎን አልፋው ሄደች።

“ደረሰች?” አለኝ።

ያ ፈገግታ እንዳይጠፋብኝ ፈራሁ። “ደረሰች” አልኩት።

ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

“ጆሮዬ ደህና ነው እኮ፣ ሙሉነሽ” አለ። “አንቺም ከዋሸሽኝ እንግዲህ በምን አያለሁ?”

እንባዬን በእጄ ጀርባ ጠረግኩና ተጠግቼው ቆምኩ።

“ወደ ግራ ሳተች” አልኩት። “ትንሽ ወደ ቀኝ መልሰው።”

መለሰው። ቆሜ አየሁለት።