የተዋዋልንበት ሂስ

በኛ ጊዜ ሂስ እንዋዋል ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት ቤት መልስ የደሴ ሆጤ ሰፈር ልጆች በቀበሌው አዳራሽ እንሰበሰባለን። የወጣት ማኅበሩ ሊቀመንበር ከፊት ጠረጴዛ ይቀመጥና ተራ በተራ እያስነሳ መጀመሪያ ራሳችንን፣ ቀጥሎ አንድ ጓደኛችንን ያስሄሰናል። "ሂስ የለኝም" ያለ ሰው ወይ አድኃሪ ነው ወይ የሚደብቀው ነገር አለ። ስለዚህ ሁለት ሁለት ሆነን አስቀድመን እንዋዋላለን። አንቺ "ትዘገያለች" በዪኝ፣ እኔ ደግሞ "ስብሰባ ላይ ትስቃለች" እልሻለሁ። ቃለ ጉባኤው ይሞላል፣ ማንም አይጎዳም፣ በጊዜ ወደ ቤታችን እንገባለን።

የኔ ተዋዋይ የኮምቦልቻ ልጅ ነበረች። ለትምህርት ብላ ከኛ አጥር ጎን ካለችው አክስቷ ዘንድ ትኖራለች። ሁለታችንም አሥራ ስድስት ዓመታችን ነበር። እኛ እስላም ነን፣ እነሱ ጴንጤ ናቸው፤ ያ በሰፈራችን ለጓደኝነት የሚከለክል ነገር አልነበረም። የደሴን ብርድ አልለመደችም ነበርና ጠዋት ጠዋት በአንድ ነጠላ ተጠቅልለን ትምህርት ቤት እንሄዳለን። ቅዳሜ ወደ ወላጆቿ ስትወርድ እኔ እህል አልበላ ይለኛል፣ እሁድ ማታ ስትመለስ ደግሞ ያለ ነገር እስቃለሁ።

እናቴ ይህን እያየች ትቀልድብኝ ነበር። "ያረቢ! ኸዚች ልጅ ጋር ተጣብቀሽ ልትቀሪ ነው? ነገ ስንድርሽ እሷንም ጨምረን እንስጥ?"

"ወላሂ እማ፣ ጓደኛዬ ናት" እላለሁ። ፊቴ ግን እሳት ይሆናል። ጓደኛዬ መሆኗ እውነት ነው፤ ታዲያ ምን አስማለኝ?

አንድ ቀን ወንዝ ዳር ልብስ ስናጥብ ድፍረት አግኝቼ ጠየቅኋት። "ሰው ወንድ ሲወድ ምን ይሰማዋል?"

ሳሙናውን አስቀምጣ አሰበች። "ከሩቅ በአረማመዱ ታውቂዋለሽ። ሲስቅ ደስ ይልሻል። ለሌላ ሰው ሲስቅ ደግሞ ትናደጃለሽ።"

ከዚያ በኋላ ያጠብኩትን አላውቅም። የምትናገረው ሁሉ የኔ ነው፣ ግን ወንድ የለበትም። የሷን አረማመድ ከፒያሳ ማዶ ለይቼ አውቃለሁ። ለዚህ ነገር ስም አላውቅለትም ነበር። ስም የማላውቅለትን ነገር ሰግጄ እንዴት እንደምለምን፣ ምን ብዬ "አንሳልኝ" እንደምል ግራ ገባኝ። በዚያው ሰሞን የክፍላችን ልጅ በቀስት የተወጋ ልብ ስሎ ደብዳቤ ሰጠኝ። አነበብኩት፣ ደገምኩት፣ ልቤን አዳመጥኩ። የቀበሌ ማስታወቂያ ያነበብኩ ያህል ነበር። እኔ ላይ የጎደለ ነገር አለ ብዬ አመንኩ፣ አፈርኩም። ከዚያ ወዲህ ማፈሬን ያቆምኩበትን ቀን አላስታውስም።

አንድ ቅዳሜ የይለፍ ወረቀት አውጥተን እኔንም ይዛኝ ኮምቦልቻ ወረደች። አባቷ መካኒክ ነበሩ፣ እጃቸው ግራሶ የማይለቀው፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው። እኛ የነሱን ሥጋ እንደማንበላ ያውቃሉና ገና ሳልቀመጥ፣ "ለልጄ እንቁላል ጥበሱላት፣ በአዲስ መጥበሻ" አሉ። መጥበሻውን ለኔ ብለው ገዝተውት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሰዎች አንድ አንድ እያሉ መግባት ጀመሩ። ጫማቸውን ደጅ አይተዉም፣ ይዘውት ይገባሉ፤ በር ላይ የጫማ ብዛት ከታየ ጎረቤት ይጠይቃል። ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገ ቆይቷል። በዚያ በኮምቦልቻ ሙቀት መስኮቱን ሁሉ ዘግተው፣ ላብ በላብ ሆነው፣ በሹክሹክታ ዘመሩ። የሚያጨበጭቡት በሁለት ጣት ነው። ዕድሜው ከኛ ትንሽ ከፍ የሚል ልጅ ጊታር ይመታል፤ ድምፁ እንዳይወጣ ክሮቹ ሥር ስፖንጅ ወትፎበታል። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ጓደኛዬ ልጁን ትመለከተዋለች። ያን አስተያየት አወቅሁት፤ እኔ እሷን የማይበት ነው።

ወደ ደሴ ስንመለስ አውቶቡሱ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ ጆሮዬ ሥር ተጠግታ ነገረችኝ። እንደሚዋደዱ፣ አባቷ እንደማያውቁ፣ ለኔ ብቻ እንደነገረችኝ። "አብሽሪ፣ ማንም አይሰማም" አልኳት። እጄን ያዘችኝ። እስከ ደሴ ድረስ ሳትለቀኝ ሄድን፣ እኔም ስለ ሌላ ሰው ደስታ የተያዘውን እጄን ማስለቀቅ አቃተኝ።

የሚቀጥለው ሐሙስ ውላችን የተለመደው ነበር። እሷ ቀድማ ተነስታ "ጓደኛዬ ትዘገያለች፣ ታርም" ብላ ተቀመጠችና ከጎኔ ሆና በጉልበቷ ነካ አደረገችኝ። ተራዬ ደረሰ። ተነሳሁ። "ስብሰባ ላይ ትስቃለች" ልል ነበር፣ ወላሂ ልል ነበር። ያን ቀን ግን ጠዋት ከጊታር መቺው ደብዳቤ ደርሷት ስትስቅ ነው የዋለችው። ሳቋ ትዝ አለኝ።

"ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምቦልቻ የምትወርደው ቤተሰብ ለመጠየቅ ብቻ አይደለም" አልኩ። "ቤታቸው በር ዘግተው ይዘምራሉ። ጊታር የሚመታ ልጅም አለ።"

ከኋላ አንዱ "ጊታር መቺውን ቀምታት ነው!" ሲል ሳቁ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም፤ ይጽፋል። እኔ ወደሷ ሳላይ ተቀመጥኩ። ጉልበቷ ከጉልበቴ ሲርቅ ብቻ ተሰማኝ።

ዓርብ ጠዋት ወላጆቿን ልታስጠነቅቅ የይለፍ ወረቀት ጠየቀች፣ ከለከሏት። አክስቷ ፈርታ በር ቆለፈችባት። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ ስታለቅስ እሰማለሁ። የሰፈራችን ሹፌሮች በቀን ሦስት ጊዜ ኮምቦልቻ ይወርዱ ነበር፤ ለአንዱ አንዲት ቃል ብነግረው ይበቃ ነበር። "ማን ነገረሽ?" ቢሉኝስ ብዬ ፈራሁና ዓርብን ቤት ውስጥ ዋልኩ። ሐሙስ ለተናገርኩት ቅናቴን ላሳብብ እችላለሁ። ለዓርብ ግን ምንም የለኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት ታጣቂዎች የኮምቦልቻውን ቤት ከበቡት። አባቷንና ጊታር መቺውን ጨምሮ ዘጠኝ ሰው ወሰዱ። እሷ ትምህርቷን ትታ እናቷ ዘንድ ወረደች። እኔን በቀጣዩ ሐሙስ ሊቀመንበሩ በሁሉም ፊት አመሰገነኝ። አጨበጨቡልኝ። ሰፈሩ ግን በነገሩ ሌላ ወሬ ሠራበት፤ ለአንድ ወንድ ተጣልተው ነው፣ የልጅነት ቅናት ነው አለ። እናቴ እንኳ ደነገጠችና፣ ትንሽ ቆይታ እፎይ አለች። እንደማንኛዋም ሴት ልጅ ሆንኩላት።

ረመዳን ሲቃረብ በኛ ዘንድ ሰው የበደለውን እየዞረ "አፉ በሉኝ" ይላል፤ ይቅርታ ሳይጠይቁ ጾሙን መያዝ ይከብዳል። እናቴ "ሂጂና ኸልጅቷ አፉታ ጠይቂ" አለችኝ። ብቻዬን ወረድኩ። አባቷ ከተፈቱ ሳምንታቸው ነበር። ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፣ ከስተዋል። "እንደምን ዋሉ?" ስላቸው ወደ ጆሯቸው አመለከቱ፤ አንደኛው መስማት ትቷል። ደግሜ ጮክ አልኩ። "ግቢ፣ ልጄ፣ አለች" አሉኝ። የማን አፍ እንዳሳሰራቸው አልተነገራቸውም ነበር። እሷ አልነገረቻቸውም።

ጓዳ አገኘኋት። በሩ ላይ ቆሜ "አፉ በይኝ" አልኩ። ከዚያ በላይ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። የመጣሁት እውነቱን ልነግራት ነበር። ልጁን እንዳልወደድኩት፣ ማንን እንደወደድኩ፣ ምን እንደሆንኩ እኔም እንደማላውቅ።

"ለምን እንዳደረግሽው አውቃለሁ" አለች። "ወደሽው ነበር። ያን ቀን አውቶቡስ ላይ ስነግርሽ መጠርጠር ነበረብኝ። አንቺን ይዤ መጥቼ፣ በአንቺው ፊት ስለሱ ማውራቴ የኔም ጥፋት ነው። ብትነግሪኝ ኖሮ እተውልሽ ነበር፣ እህቴ።"

የእውነት ትተውልኝ ነበር፤ እንደዚያ ዓይነት ልጅ ናት። አፌን ከፈትኩ። ከዚህ ቤት በክህደቴ እንኳ አላባረረችኝም፣ በእውነቱ ግን የምታባርረኝ መሰለኝ።

"አዎ" አልኩ። "ወድጄው ነበር።"

ተነስታ አቀፈችኝና አለቀሰች። "አፉ ብዬሻለሁ" አለች። እኔም አለቀስኩ፣ ግን ትከሻዋ ላይ ሆኜ ይቅርታው ለማን እንደተሰጠ አውቅ ነበር። የተሰጠው ጊታር መቺውን ለወደደችው ልጅ ነው። እኔ ያን ይቅርታ እስከ ዛሬ አላገኘሁም፣ መጠየቅም አልደፈርኩም።

እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኘችኝ። ልጁ ገና እንዳልተፈታ፣ እሁድ እሁድ ስንቅ እንደምታደርስለት ነገረችኝ። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ ተጠግታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ከፈለግሽ ሰላምታሽን አደርስልሻለሁ፣ እኔ አልቀናም" አለችኝ።

"እሺ" አልኳት። "ሰላም በይልኝ።"