መርዶ በሆዴ ይዤ ማርሴይ ስንሸራሸር

ይህ የሆነው ባቡሩ በአቃቂ እያፏጨ በሚያልፍበት ዘመን ነው። አሁን ትናንት የበላሁትን ምሳ እንኳ የማላስታውስ ሰው ነኝ፤ ያቺ ቀን ግን አንድም ሳይጎድል ትመጣብኛለች። ደስ የምትል ቀን ስለነበረች አይደለም። የእግዜር ያለህ፣ እንዲያ ያለ ቀን ለጠላቴም አይስጠው!

የባቡር መካኒክ ነበርኩ። መሥሪያ ቤቴ ለስልጠና ፈረንሳይ አገር፣ ማርሴይ ላከኝ። ስልጠናው ሲያልቅ ጥቂት የእረፍት ቀን ስለተፈቀደልኝ ባለቤቴ አስናቀች እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ ከዚያ በመርከብ መጣችልኝ። "ባሕሩን፣ ሰዉን፣ ሱቁን ሁሉ አሳየኝ፤ ደግሞ እንደ ልማድህ አታጣድፈኝ" አለችኝ። እሺ አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት እሷ ስትለባብስ የማረፊያችን ባለቤት ስልክ ይፈልግሃል ብላ ጠራችኝ። ጋሽ ተፈራ ናቸው፤ እዚያ ከተማ ብዙ ዘመን የኖሩ ያገራችን ሰው።

"አይዞህ ልጄ፣ አማትህ አርፈዋል። ከአዲስ አበባ ደውለው ነገሩኝ። ቀብራቸውም አልፏል" አሉኝ።

አባባ ደምሴ ለአስናቀች አባትም እናትም ናቸው፤ ብቻቸውን ነው ያሳደጓት።

"ዛሬ እንዳትነግራት። ሰው በሌለበት መርዶ አይነገርም። አሁን ሁሉም ሥራ ገብቷል፤ ነገ ሳይነጋ ሰው ሰብስቤ እመጣለሁ። አንተ ደህና አድርገህ አብላት፣ አዝናናት፣ በጊዜ ትተኛ።"

እኛ ዘንድ ወጉ ይኸው ነው። መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ ሰውዬው እንቅልፉን ከጠገበ በኋላ፣ የሚይዘውና አብሮት የሚያለቅስ ከጎኑ ሲኖር ነው። ምን ልበል? ተቀበልኩና ወደ ላይ ወጣሁ።

ወደቡ ላይ ጀልባዎች ተደርድረዋል፣ ዓሣ ሻጮች ይጮሃሉ፣ ፀሐይዋ ደስ ትላለች። አስናቀች እንደ ልጅ ትቦርቃለች። እኔ አንድ ቦታ መርጋት አቃተኝ። ቁጭ ስንል እነሳለሁ፣ ስንነሳ የት እንደምንሄድ ይጠፋኛል። ስትስቅ ፊቴን ወደ ባሕሩ አዞራለሁ፤ ዝም ስትል ደግሞ "አወቀችብኝ" ብዬ ላብ ያጠምቀኛል።

በየደረስንበት "ብዪ እንጂ፣ ትንሽ ጨምሪ" እላታለሁ። ጀላቲ ገዛሁላት። ደግሜ ገዛሁላት።

"አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ምን ነካህ? አቃቂ ብንሆን አንድ ሻይ ስጠይቅህ ታጉረመርማለህ!" አለችና ሳቀች።

የባሰው ግን ባርኔጣ መሸጫው ነው። ለአባቷ ልትገዛ ገባች። "የአባባ ጭንቅላት ካንተ ጋር እኩል ነው፤ ቀና በል" እያለች እኔ ራስ ላይ ታደርጋለች፣ ታወልቃለች፣ ራቅ ብላ ታየኛለች።

"ይሄስ ያምርበታል?"

"በጣም" አልኳት። ድምፄ ከየት እንደወጣ እንጃ። ግራጫውን መረጠች።

ከሱቁ ስንወጣ ደግሞ ኃይሉ የሚባል፣ መርከብ ላይ የሚሠራ ያገራችን ሰው ከመንገዱ ማዶ አየን። እኔና እሱ ጋሽ ተፈራ ቤት ነው የተዋወቅነው። ሀበሻ ሀበሻን ሰው አገር ካገኘ ሳይሳሳም አያልፍም። ፊቱን ሳየው፣ ሰምቷል! አንገቱን ደፍቶ መጣና አስናቀችን አቅፎ አልለቅ አለ። "እግዚአብሔር..." ብሎ ሲጀምር እግሩን በጫማዬ ረገጥኩት። "ደህና ነን፣ ደህና ነን!" ብዬ ጮህኩ። ሰውዬው ገባውና እያነከሰ ሄደ።

"ምን ሆኖ ነው እንዲህ የከፋው?" አለች።

"ከሥራ ተቀንሶ ነው።"

"ውይ፣ ምስኪን!" ብላ አዘነችለት። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ተፈራ ጥቁር የለበሱ ሰዎች ይዘው ቆመዋል። አስናቀች ከአልጋ ወርዳ አየቻቸው፤ ማንም ሳይናገር ገባት። "አባባዬ!" ብላ ወደቀች። ያዟት፣ አብረዋት አለቀሱ። ከብዙ ልቅሶ በኋላ ቀና ብላ አየችኝ።

"አንተ ትናንት ታውቅ ነበር?"

ላቅፋት ጠጋ ስል ገፋችኝ።

"አባቴ አፈር ለብሶ ጀላቲ ታበላኛለህ?"

እስከ አቃቂ፣ በመርከቡም በባቡሩም፣ ከኔ ርቃ ነበር የምትቀመጠው። ስንታረቅ "ሁለተኛ መርዶ አትደብቀኝ፤ እኔም አልደብቅህም" አለችኝ። ተስማማን።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ከቀትር በፊት አቃቂ ጣቢያ ባቡሩ ሥር ተኝቼ ስሠራ የእሷን እግር አየሁ። ስወጣ የምሳ ዕቃዬን ይዛ ቆማለች።

"እማማ አረፉ" አለችኝ። እናቴን ነው። በቁሜ፣ እጄ ግሪስ እንደተቀባ ነገረችኝ። ጓደኞቼ ሮጠው ያዙኝ።

ለቀስተኛው ሲሄድልን "ምነው፣ ቢያንስ እስከ ነገ ብትታገሺኝ?" አልኳት። የሚገርመው፣ እንዲህ የምለው እኔው ነኝ።

"አስቤ ነበር እኮ። ምሳህን እንኳ ሳትበላ አልነግርህም ብዬ ነው ቋጥሬ የመጣሁት። ፊትህን ሳይ አልቻልኩም።" ከዚያ እጄን ያዘች። "አንተ ያን ቀን ሙሉ እንዴት ቻልከው?"

ከማርሴይ ወዲህ እንዲህ ብላ ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነበር። ለአባባ ያላለቀስኩትንም ያኔ አብሬ አለቀስኩት። ወጉ ልክ ነው ወይስ አይደለም ብትሉኝ ዛሬም አላውቅም። ያን ቀን የሁለታችንን ሐዘን ለብቻዬ ይዤ እንደዋልኩ ግን እሷ ታውቃለች፤ ለእኔ ይበቃኛል።